ከገበሬው ጋር ሆኖ ተፈጥሮን ለመጠበቅ ምን ልማር?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል። ያደግሁት ጮቄ ተራራ ሥር ስለሆነ አስታና ጅባራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋት እየሳሱ፣ የገብሱና የድንቹ ማሳ ሽቅብ ሲወጣ አይቻለሁ። ተፈጥሮን በመጠበቅ ሥራ ለመሰማራት ሁለት ቦታ ተወዳድሬ፣ ከማኅበረሰብ ጋር የመሥራት ልምድ ስለሌለኝ ወደቅሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይስ አጭር ሥልጠና ልፈልግ?

ከባሕር ዳር፦ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን ያስተምራሉ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅም በደን ሙያ የታወቀ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ ስንት ወር ገጠር እንደሚቀመጥ ይጠይቁ።

ከሰከላ፦ እኔ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የተጎዳ ተዳፋት ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ስንከልል፣ ከብቱ የት ይሂድ ብለን አልጠየቅንም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ገበሬዎቹ ሌሊት ሌሊት ይነዱበት ጀመር። በማግስቱ ዓመት ሜትሩን ከመዘርጋታችን በፊት ሌላ ግጦሽ የሌላቸውን አባወራዎች ለይተን ተወያየን፤ ሣሩ እየታጨደ በድርሻ እንዲከፋፈል፣ የጠባቂው ደመወዝም ከሣሩ ሽያጭ እንዲወጣ ተስማምተን መተዳደሪያ ደንቡን አስፈረምን። ያኔ አጥር ራሱ አላስፈለገም። ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ በበጋው የተፋሰስ ሥራ ወቅት ባለሙያውን ተከትለው ይዋሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ ልምድ የሚባለው ይኸው ነው።

ከቡሬ፦ የሰከላው ወንድማችን ያሉት ልክ ቢሆንም አባወራ ብቻ አይጠይቁ። እንጨት የምትለቅመው ሴት ካልተስማማች ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከዘጌ፦ የእኛ ደን ቡናውን አስጠልሎ የቆየው ማረስና ከብት ማርባት በገዳማቱ ሥርዓት ተከልክሎ ስለኖረ ነው። ወደ መንዝም ወርደው ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት ይዩ፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ነባር የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ በጊዜው ሲከፍት የኖረበት ቦታ ነው። የማኅበረሰብ ደንን በሕግ የሚያውቀውን የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም ያንብቡ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅምዎታል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በነፃ ባገለግል ማስረጃውን የሚጽፍልኝ ቀበሌው ነው ወይስ ወረዳው?

ከሰከላ፦ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢሆን ይሻላል፤ ነገር ግን ሥራውን ሳይጀምሩ በደብዳቤ ያስመዝግቡ፣ ከጨረሱ በኋላ የሚያስታውስዎ ባለሙያ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።