ለክሩዝ የሚያዝ ፎርማል ልብስ ካውያ በሌለበት እንዴት ሳይጨማደድ ይደርሳል?

ሰማያዊ ቀሚስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር የ7 ሌሊት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልንሄድ ነው፣ የመጀመሪያችን ነው፣ እና ከትኬቱም ከቪዛውም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ልብስ ነው ብል ትስቁብኛላችሁ። 2 ፎርማል ናይት፣ ማለት ዘንጦ ራት የሚበላበት ምሽት፣ አለ ተብለናል፣ ለሱ ባለቤቴ ሱፍ፣ እኔ ደሞ አንድ እስከ መሬት የሚደርስ የሐር ሳቲን ቀሚስና አንድ ጥቁር ቬልቬት ልንይዝ ነው። ችግሩ መርከቡ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በአውሮፕላን እንሄዳለን፣ አንድ ሌሊት ሆቴል እናድራለን፣ ከዛ ነው የምንሳፈረው፣ ስለዚህ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ 2 ቀን ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ባለፈው ለሰርግ ስሄድ በስንት ጥንቃቄ አጣጥፌ የወሰድኩት ቀሚስ ሲወጣ ላም አኝካ የተፋችው ነበር የሚመስለው፣ ያኔ ግን ሆቴሉ ካውያ ስለነበረው ተረፍኩ። አሁን ካቢን (መርከቡ ላይ የምናድርበት ክፍል) ውስጥ ካውያ ክልክል ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? ትንሿን የእጅ ስቲመሬን፣ ያቺን ልብስ በእንፋሎት የምታስተካክለውን፣ ልብስ መሀል ብሸጉጣትስ? ደሞስ ማጣጠፍ ነው መጠቅለል የሚሻለው? የሄዳችሁ ሰዎች እባካችሁ።

ሞገድ፦

ስቲመሯን ቤት ተያት እህቴ። እኔ 4 ዓመት ክሩዝ ላይ ካቢን አጽጂ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ እንደሷ ዓይነት ስንት እቃ ሲያዝ አይቻለሁ። ሻንጣ በሙሉ ከመጫኑ በፊት ልክ እንደ ኤርፖርት በኤክስሬይ ያልፋል፣ ካውያም ስቲመርም ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው፣ ከዛ ሻንጣሽ በርሽ ላይ አይመጣም፣ ሰው ራት ሲበላ አንቺ ሴኪውሪቲ ጋ ወርደሽ ፊታቸው ትከፍቺዋለሽ፣ እቃው ይያዝና ስትወርጂ ይመለስልሻል። ክልከላው ለክፋት አይደለም፣ መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው፣ መሀል ባህር ላይ ወዴት ይሮጣል?

ግን ካውያ የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። እንደ መርከቡ ድርጅት ነው። ኩናርድ የሚባለው ድርጅት መርከቦች ላይ ተሳፋሪው ራሱ የሚያጥብበትና የሚተኩስበት ክፍል አለ በነጻ፣ ፕሪንሰስም አለው፣ ሮያል ካሪቢያን ግን የለውም፣ እዛ ለመርከቡ ላውንደሪ ሰጥተሽ በክፍያ ነው። የናንተን መርከብ ስም አልጻፍሽም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አጣሪ። በክፍያ ከሆነ አንድ ምክር ልስጥሽ፣ ሁሉም ሰው ሱፉንና ቀሚሱን የሚልከው ፎርማል ናይቱ ዕለት ጠዋት ነው፣ ታች ላውንደሪው ክፍል ያን ቀን ገበያ ነው የሚመስለው። አንቺ ገና የገባሽ ቀን ላኪ፣ በማግስቱ ተተኩሶ ይመጣልሻል። የመጀመሪያው ፎርማል ናይት ደሞ ብዙ ጊዜ 2ኛው ቀን ወይም መርከቡ ወደብ የማይነካበት ቀን ላይ ነው እንጂ የገባችሁ ምሽት አይደለም፣ ምክንያቱም የግማሹ ሰው ሻንጣ ገና አልደረሰም።

እሱን ካነሳሁ አይቀር፣ ወደብ ላይ ለተሸካሚዎች የምትሰጡት ትልቅ ሻንጣ ካቢናችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ከራትም በኋላ። እዛ መሀል ይገለበጣል፣ በጭንቅላቱ ይቆማል፣ ሌላ ሻንጣ ይቆለልበታል። ስለዚህ ፎርማሉን ልብስ በሱፍ መያዣ ቦርሳ አርጋችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ በአውሮፕላኑም እንደዛው፣ እና ካቢን እንደገባችሁ ውሃ እንኳ ሳትጠጡ ስቀሉት። መስቀያ ሁሌም ያንሳል፣ ካቢኑን የሚያጸዳውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ጨምርልኝ በይው፣ ያመጣል። የካቢን ግድግዳ ደሞ ብዙ ጊዜ ብረት ነው፣ ጠንካራ ማግኔት ያለው መንጠቆ 3 4 ይዘሽ ብትሄጂ ረጅሙ ቀሚስ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል።

መርፌና ክር፦

ሞገድ ስለመርከቡ ጨርሶታል፣ እኔ መርከብ ተሳፍሬ አላውቅም፣ ልብስ ግን 20 ዓመት ሰፍቻለሁ። ሰው ሁሉ ማጣጠፍ ወይስ መጠቅለል ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ ደሞ መልሼ ጨርቁ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ጨርቅ የሚጨማደደው እርጥበት፣ ሙቀትና ጫና ሲገናኙበት ነው። ጥጥና ሊነን እርጥበት ይወዳሉ፣ ጥጥ ዝም ብሎ ከአየሩ ብቻ ከክብደቱ ወደ 8 ከመቶ ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ ክሩን ያላላውና በታጠፈበት ቅርጽ እንዲደርቅ ያደርገዋል፣ ከዛ ያለ ካውያ አይለቅም። ፖሊስተር ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም፣ ለዛ ነው ሳይጨማደድ የሚወጣው። ሱፍ ስል አሁን ኮትና ሱሪውን ሳይሆን የበጉን ጸጉር ማለቴ ነው፣ እሱ ከሁሉም በላይ እርጥበት ይይዛል ግን ክሩ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲሰቀል ራሱን ይመልሳል። የባለቤትሽ ሱፍ እውነተኛ ሱፍ ከሆነ ስለሱ አታስቢ፣ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ካደረ ይበቃዋል። የሚያስቸግርሽ የጥጥ ሸሚዙ ነው፣ ሰው ግን ሸሚዙን ረስቶ ለኮቱ ይጨነቃል።

በእጅ መያዙ ካልሆነላችሁና ሻንጣ ውስጥ ከገባ፣ ኮቱን እንዲህ አርጊ። የግራውን ትከሻ ብቻ ገልብጪው ገበሩ ወደ ውጭ እንዲወጣ፣ ከዛ የቀኙን ትከሻ ሳትገለብጪ እዛ ውስጥ ክተቺው፣ ኮፍያ በኮፍያ ላይ እንደምትደርቢ ነው፣ ኮሌታውና ኮሌታው ይገጥማል፣ እጅጌዎቹ ከውስጥ ይቀራሉ። አሁን ኮቱ በቁመቱ ለሁለት ታጥፎ ገበሩ ብቻ ነው ውጭ ያለው፣ ቢጨማደድ ገበሩ ይጨማደድ ማን ያየዋል። ከዛ ላውንደሪ ቤቶች ልብስ የሚሸፍኑበት ስስ ላስቲክ ውስጥ አስገቢና መሀሉ ላይ አንዴ ብቻ እጠፊ፣ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ ሹራብ አድርጊበት። ላስቲኩ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር እንዳይያያዝ ነው፣ ይንሸራተታል፣ ስለሚንሸራተት አንድ ቦታ ላይ አይሰበርም። ግን ልብሱ ደርቆ ያለቀ ይሁን፣ ተተኩሶ ገና እንፋሎቱ ሳይወጣ ላስቲክ ውስጥ የገባ ልብስ ካልተተኮሰው የባሰ ይሆናል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሱሪውን ወገቡን ሻንጣው ውስጥ አስተኝተሽ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥይው፣ ሌላውን ልብስ ላዩ ላይ ደርድሪ፣ በመጨረሻ እግሩን መልሰሽ ከላይ አልብሺው። እጥፋቱ ወፍራም ነገር ላይ ስለሚዞር መስመር አያወጣም። ሳቲኑም በዚሁ ዘዴ ይሄዳል፣ በላስቲኩ ውስጥ ሆኖ። ቬልቬቱን ግን ገልብጠሽ ወፍራም ፎጣ ላይ ላላ አርገሽ ጠቅልይው፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ ምንም አይጫንበት፣ ቬልቬት ጸጉሩ አንዴ ከተኛ አይነሳም ባይባልም ያስለፋል።

ጫማ ሁሌም ሻንጣው ሲቆም ታች በሚሆነው በጎማው በኩል ነው የሚሆነው። አየር መጥጦ የሚያሳንሰውን ላስቲክ ደሞ ለፎርማል ልብስ እንዳትሞክሪው፣ ቦታ ይቆጥባል ግን እያንዳንዱን እጥፋት በጫና ያትመዋል።

ጓዜ ቀላል፦

ኧረ ባካችሁ ለ2 ምሽት ይሄ ሁሉ ሳይንስ? እኔ ሁሉንም ልብስ እጠቀልላለሁ፣ ሱፍም ጠቅልዬ አውቃለሁ፣ ምንም አልሆነ። በዛ ላይ ሻወር ቤት ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ ልብሱን ብትሰቅሉት እንፋሎቱ ራሱ ይተኩሰዋል። ሴቶች ደሞ ለምን እንደ ቲሸርት ከሚለጠጥ ከጀርሲ ጨርቅ የተሰራ ቀሚስ አትይዙም፣ ወይም ያ ሲሰራ ጀምሮ የተሸበሸበ ጨርቅ አለ አይደል፣ ኳስ አርገሽ ብትጥይውም ያው ነው። ወንዱም አንዳንድ መርከብ ላይ ተክሲዶ ይከራያል፣ በቃ ባዶ እጅ መሄድ ነው።

መርፌና ክር፦

የጀርሲውን ምክር እቀበላለሁ፣ ለመጠባበቂያ የሚሻለው እሱ ነው። መጠቅለሉን ግን ለቲሸርትና ለጂንስ አድርገው ወንድሜ። ኮት አንድ ጨርቅ አይደለም፣ ላይ ጨርቁ አለ፣ መሀል ደረቱን የሚያቆመው ድርብ አለ፣ ውስጥ ገበሩ አለ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለ፣ ስትጠቀልለው የውስጡ ከውጪው ያጥርና ይኮማተራል። አልሆነም ያልከው ሌላ ሰው ከጀርባህ ስላላየልህ ይሆናል፣ ሰው የራሱን ጀርባ አያይም።

ሞገድ፦

ሻወሩ እውነትም ውሸትም ነው። ለሱፍ ኮትና ለፖሊስተር ይሰራል፣ ለጥጥ ሸሚዝ ግን ከንቱ ነው። ደሞ የካቢን ሻወር ቤት አንድ ሰው ዞር የማይልበት ነው፣ የአየር መሳቢያውም እንፋሎቱን ቶሎ ይስበዋል፣ ቀሚሱ ግድግዳ ነክቶ ውሃ ሊጠጣም ይችላል። ዝም ብላችሁ ውሃ ክፍት ትታችሁ እንዳትወጡ፣ ብዙ መርከብ የሚጠቀመው ከባህር ራሱ አጣርቶ የሚያወጣውን ውሃ ነው። ራሳችሁ ስትታጠቡ በሩ ላይ መስቀል ይበቃል።

እና አንድ ነገር በእናታችሁ፣ ጣራው ላይ ያለችውን የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ መንጠቆ ናት ብላችሁ ልብስ እንዳትሰቅሉባት!! በኔ ጊዜ አንዷ ተሳፋሪ ቀሚሷን በመስቀያ እሷ ላይ ሰቅላ ተሰበረች፣ ውሃው በደቂቃ ውስጥ ካቢኑን ሞልቶ ኮሪደር ደረሰ፣ ምንጣፉን ስናደርቅ ነው ያደርነው። ቀሚሱ ግን አልተጨማደደም ነበር ያው 😀

ሰማያዊ ቀሚስ፦

ሞገድ ሳቄን አፈነዳኸው። ጋሼ መርፌ የኮቱን አስተጣጠፍ 3 ጊዜ ሞክሬ ገባኝ፣ ባለቤቴ አሁን ሱፉን እንዳልነካበት ይለምነኛል። ስቲመሯን ትቻታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ውሃና የልብስ ማለስለሻ ቀላቅሎ በመርጫ ጠርሙስ መርጨት ይባላል፣ ሳቲኑ ላይ ይሆናል?

መርፌና ክር፦

ሐር ላይ እንዳታደርጊው ልጄ፣ ሐር ጠብታ ውሃ ራሱ የነካው ቦታ ላይ ክብ ምልክት ያወጣል፣ ማለስለሻው ደሞ ዘይት ይመስላል። ለጥጥ ሸሚዙ ግን ጥሩ ነው፣ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለስለሻ ይበቃል፣ ረጨት አርገሽ በእጅሽ ወደ ታች እየሳብሽ ማለስለስና ሰቅለሽ ማድረቅ ነው። በአውሮፕላን በእጃችሁ ከሆነ ጠርሙሱ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ። ሳቲኑን መስመር ካወጣ ገልብጠሽ በፀጉር ማድረቂያ፣ መካከለኛ ሙቀት ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀሽ፣ በሌላው እጅሽ ጨርቁን ወጠር አርገሽ ይዘሽ።

ሰማያዊ ቀሚስ፦

ተመለስን! ባዶ እጄን ጠፍቼ እንዳልቀር ውጤቱን ልንገራችሁ። ሱፉ በእጅ ነው የሄደው፣ የሱፍ ቦርሳው አውሮፕላን ውስጥ ላይ ካለው ሳጥን አልገባ ስላለ ለሦስት አጥፈን ነው ያስገባነው፣ ቢሆንም ካቢን ተሰቅሎ ሲያድር ምንም አልነበረውም። ሸሚዙ ጋሼ እንዳለው የሁሉ አስቸጋሪ እሱ ነበር፣ በገባን ቀን ከሰዓት ለላውንደሪ ሰጠነው በማግስቱ መጣ፣ አጠገባችን ያለው ካቢን ሰውዬ የፎርማሉ ዕለት ጠዋት ልኮ ለማታው አልደረሰለትም፣ ደንገጥ ብሎ በቲሸርት ቡፌው ጋ ሲበላ አየነው። ሳቲኑ ጉልበቱ አካባቢ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፣ በፀጉር ማድረቂያው ወደ 10 ደቂቃ ፈጀብኝ ግን ወጣ። የማግኔት መንጠቆው ደሞ ከሁሉም የሚሻል ነገር ነው፣ ባለቤቴ ሳይቀር ኮፍያና ቦርሳውን ሰቀለበትና እኔ ቦታ አጣሁ።

ያጠፋሁት አንድ ነገር አለ፣ ቬልቬቱ ሲደርስ ደህና ነበር፣ እኔ ግን ክሊፕ ባለው የጉርድ መስቀያ ወገቡን ይዤ ሰቅየው አደርኩ፣ ጠዋት ሁለት የክሊፕ ጥርስ ቁጭ ብሏል። ምሽቱን በሻርፕ ሸፍኜ አሳለፍኩት፣ አሁንም ግን አለ። ይወጣል ወይስ በቃ?

መርፌና ክር፦

ይወጣል። ካውያ እንዳታስነኪው ብቻ፣ ከነካው ያኔ በቃ ነው። ውሃ አፍይና እንፋሎቱ ላይ ልብሱን ገልብጠሽ፣ ማለት በውስጥ በኩል እንፋሎቱ እንዲመታው፣ ግማሽ ደቂቃ ያዢው፣ ከዛ ለስላሳ ብሩሽ ወይም የራሱን የቬልቬት ቁራጭ ካለሽ በሱ ጸጉሩን ከተኛበት በተቃራኒ ቀስ እያልሽ አንሺው። በአንዴ ካልወጣ ደርቆ ይደር፣ ነገ ድገሚው። ሲጨርስ በትከሻው ስቀይው፣ ክሊፕ ለጉርድ ነው።