ከቨርጂኒያ ወደ ቻተኑጋ (ቴነሲ) ልንዛወር አስበናል፤ የትንሽ ከተማ ኑሮ እንዴት ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቻተኑጋ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሥራ አግኝቻለሁ፤ እሺ ወይም እምቢ እንድል እየጠበቁኝ ነው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን እዚህ የቤት ኪራይ አንገታችንን አንቆናል። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሰባተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ ሁለት ልጆች አሉን፤ የባለቤቴ ታናሽ እህትም ከእኛ ጋር ትኖራለች። የለመድነው ግራ ቀኙ አበሻ የሆነበትን ሰፈር ነው። ባለቤቴ «ሰው በሌለበት አገር ትርፍ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» እያለች ነው። እዚያ የኖራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ገንዘቡ በእርግጥ ይተርፋል? ቤተ ክርስቲያንስ? ልጆቹ ይቸገራሉ? ስለ አሜሪካ ደቡብ ስቴቶች የምንሰማውስ ምን ያህል እውነት ነው?

ነርሷ ከቻተኑጋ፦
ወንድሜ፣ ከገንዘቡ ልጀምር። ቴነሲ ከደመወዝ ላይ የስቴት የገቢ ግብር አትወስድም፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ክፍያህ ታየዋለህ። ሆኖም በሌላ በር ትመጣለች፦ ቻተኑጋ ውስጥ የሽያጭ ታክስ 9.25 በመቶ ነው፤ ለምግብ ሸቀጥ 6.25 በመቶ። አምስት ሰው ለምትመግብ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ተደምሮ ተቀንሶ ግን ይተርፋችኋል፤ በተለይ በኪራዩ። ኪራይ እዚህም ወጥቷል፤ ቢሆንም ከእናንተ ሰፈር ጋር አይወዳደርም።

ቤት ስትፈልግ ከከተማው በስተደቡብ ሮስቪል እና ፎርት ኦግልቶርፕ የሚባሉ ሰፈሮች በዋጋቸው ይስቡሃል። ሁለቱም ያሉት ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ የስቴቱ ድንበር የከተማውን ጫፍ ታክኮ ያልፋል። ጆርጂያ ደግሞ ነዋሪዋ ቴነሲ ሠርቶ ካገኘው ደመወዝም የገቢ ግብር ትጠይቃለች። መንገድ ተሻግሮ የተከራየ ሰው ግብሩን ይዞ ተሻገረ ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ውል የሚፈርሙ ብዙ ናቸው።

የባለቤትህ ሥራ አያሳስብህ። ኧርላንገር፣ ሜሞሪያል እና ፓርክሪጅ የሚባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ፈቃዷ በአባል ስቴቶች ሁሉ የሚያሠራው የጋራ ፈቃድ ከሆነ፣ ቨርጂኒያም ቴነሲም በስምምነቱ ውስጥ ስላሉ እንደደረሰች መሥራት ትችላለች፤ መኖሪያዋን ከቀየረች በ60 ቀናት ውስጥ ግን የቴነሲ ፈቃድ እንዲሰጣት ማመልከት አለባት።

ያሳሰበችኝ እህቷ ናት። የጤና ሽፋኗ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ነው? ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች ከፍታዋለች፤ ቴነሲ ግን እስካሁን አልከፈተችም። እዚህ ቴንኬር ይባላል። ልጅ የሌለው፣ የአካል ጉዳት የሌለበት፣ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ሰው ገቢው ስላነሰ ብቻ አያገኘውም። ስለዚህ እሷ ከመምጣቷ በፊት ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ቢገኝላት ይሻላል።

ባለ ትልቁ መኪና፦
እኔ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ፤ ቤቴ ኢስት ሪጅ ነው። ነርሷ የተናገረችውን አልደግምም። የእኔ ምክር ስለ መኪና ነው፦ ሁለት ያስፈልጋችኋል። ካርታ የምትባል የአውቶቡስ አገልግሎት አለች፤ መሐል ከተማ ለሚውል ሰው ትጠቅማለች፣ በፈረቃ ፋብሪካ ለሚገባ ሰው ግን አትሆንም። እህቲቱም መንዳት ካልቻለች ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ልትውል ነው። መንጃ ፈቃዳችሁን በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ቴነሲ መቀየር አለባችሁ።

«ትንሽ ከተማ ስለሆነ መጨናነቅ የለም» የሚልህን አትመነው። ናሽቪልን ከአትላንታ የሚያገናኘው ጭነት ሁሉ በዚህች ሸለቆ በኩል ነው የሚያልፈው። ኢንተርስቴት 24 ሞካሲን ቤንድ ላይ ወንዙንና ተራራውን ይዞ ሲታጠፍ አንድ መኪና ቢጋጭ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው ለመሄድ ያን መታጠፊያ ማለፍ ግድ የሚልበት ቦታ ቤት አትከራይ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን፦ ናሽቪል ወደ 135 ማይል፣ አትላንታ ወደ 120 ማይል ነው፤ ለሁለቱም ሁለት ሰዓት ያህል ያዝ። በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ ካህን አለ፣ ሕዝብ አለ። ናሽቪል ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ለቅዳሴ ስትሄድ መንገዱ ግማሹን ይቅር ይልሃል፤ ማታ ስትመለስ ግን ያስከፍልሃል። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቡና ከፈለግህ ወደ አትላንታ ውረድ፤ ክላርክስተን አካባቢ የአበሻ ሱቅ አይጠፋም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2023 ጀምሮ ወደ አትላንታ ስለሚበር እናትህን ለመቀበል ዋሽንግተን ድረስ አትነዳም።

የሄደችው፦
እኔ ቻተኑጋ ኖሬ ወደ ዳላስ የተዛወርኩ ነኝ። የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ሁሉም የሒሳብ ነገር ነው። ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት። ሁለት ሰዓት ነድቶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ በመጀመሪያው ወር ደስ ይላል። በክረምት፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ አንተ ቅዳሜ ሌሊት ሠርተህ ስትገባ፣ በወር አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ቀጥሎ ለበዓል ብቻ። ዘመን መለወጫ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ቡና አፍልቼ የምጠራው ሰው አጥቼ ከባለቤቴ ጋር ሦስቱንም አቦል ቶና በረካ ለሁለት ጠጥተን እናውቃለን። ሐዘን ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ጎረቤቶቼ ምግብ በሳህን እያደረጉ በር ላይ አስቀመጡልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን ገብቶ የሚቀመጥ፣ አብሮኝ የሚያለቅስ አልነበረም።

ልጆቼም ቋንቋውን ያጡት እዚያ ነው። እናንተ ቤት ሰባተኛ ክፍል የደረሰው አማርኛው አይጠፋበትም ይሆናል፤ ለሦስተኛ ክፍሉ እሰጋለሁ።

ነርሷ ከቻተኑጋ፦
እህቴ፣ ያልሽውን አልክድም። ነገር ግን «ሰው የለም» ማለት ልክ አይመስለኝም፤ ያለው ሰው ሌላ ዓይነት ነው እንጂ። እዚህ የማያውቅህ ሰው በመንገድ ሰላም ይልሃል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ስለ ልጆችህ ትጠይቅሃለች፤ ከኋላ ያለውም ወረፋ አይነጫነጭም። ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቅህ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነህ?» ብሎ ነው። ኦርቶዶክስ ስትለው ግሪክ ወይም ሩሲያ ይመስለዋል፤ ኢትዮጵያ ስትለው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያነበባት አገር ናትና። ሊወስድህ ቢጋብዝህ መቆጣት አያስፈልግም፤ አመስግነህ እምቢ ማለት ይቻላል። ለቋንቋው ግን መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

መምህሩ፦
ስለ ልጆቹ እና «ስለ ደቡብ የምንሰማው» ላልከው ልመልስ።

ትምህርት ቤት የሚወሰነው በምትኖርበት አድራሻ ነው፤ የካውንቲው ትምህርት ቤቶችም በጥራት እጅግ ይለያያሉ። በዕጣ የሚገባባቸው ማግኔት ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ የማመልከቻው ጊዜ እንዳያልፍህ ከአሁኑ ጠይቅ። ጥሩው ነገር ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ይመጣል፦ ቴነሲ ፕሮሚስ የሚባለው ፕሮግራም ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሱ የስቴቱ ልጆች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያን ይሸፍናል። ለእህቲቱም መንገድ አለ። ቴነሲ ሪኮኔክት ዲግሪ ለሌላቸው ጎልማሶች ነው፤ አንድ ዓመት በስቴቱ መኖርና የፌደራል የትምህርት ዕርዳታ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል። ቻተኑጋ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከተማው ውስጥ ነው። ከቤት ለሚማርና ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ የታወቀ ነው፤ የከተማው ንብረት የሆነው የመብራት ድርጅት ኢ.ፒ.ቢ በ2010 በአገሪቱ ቀድሞ ለደንበኞቹ ሁሉ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት አቅርቧል።

ስለ ዘር ጉዳይ ማሳመር አልፈልግም። መሐል ከተማ ዋልነት ስትሪት የሚባል የእግረኛ ድልድይ አለ፤ እሑድ ከሰዓት ቤተሰብ ሁሉ ይንሸራሸርበታል። በ1906 ኤድ ጆንሰን የተባለ ጥቁር ወጣት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አግዶለት ሳለ፣ መንጋ ከእስር ቤት አውጥቶ እዚያው ድልድይ ላይ ሰቅሎ ገደለው። የተፈረደበት ፍርድ የተሰረዘው በ2000 ነው፤ በድልድዩ ጫፍ መታሰቢያ የቆመለት በ2021። የሰባተኛ ክፍሉን ልጅህን ወስደህ አሳየው። በዕለት ኑሮ የሚገጥምህ ግን በአብዛኛው ጨዋነት ነው፤ ከጨዋነቱ በስተጀርባ ያለውን ማወቅ ጊዜ ይወስዳል። ከ2021 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ለአብዛኛው አዋቂ ተፈቅዷል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ከአሽከርካሪ ጋር አፍ አትካፈት።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የሄደችው እህታችን ጋ ስንደርስ «ይኸው!» አለችኝ። የእህቷ ሽፋን በእርግጥም ሜዲኬይድ ነው፤ ይህን ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ፋብሪካው ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የት ብንከራይ ይሻላል? ከተማውን ለማየትስ መቼ ብንመጣ?

ባለ ትልቁ መኪና፦
በዚያ በኩል ከሆነ ኡልተዋ ወይም ኢስት ብሬይነርድ። ሂክሰን ጥሩ ነው፤ ግን ወንዙን ተሻግረህ ትመላለሳለህ። ኢስት ብሬይነርድ ከሆነ ቤቱ ስትጠለል የምትገባበት ምድር ቤት ወይም መስኮት የሌለው ክፍል እንዳለው እይ። በ2020 ሚያዝያ፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ በእኛ ሆሳዕና ዕለት በዋለበት እሑድ ሌሊት፣ ቶርኔዶ ያን አካባቢ አፍርሶታል። ስልክህ ላይ ማስጠንቀቂያው ድምፅ እንዲሰጥ አድርግ፤ ሌሊትም ይመጣልና።

ነርሷ ከቻተኑጋ፦
በጥቅምት አትምጡ። በጥቅምት ተራራው ቀይና ቢጫ ሆኖ ሁሉም ሰው ይፈርማል። በነሐሴ ኑ፤ ሙቀቱና ወበቁ ሸለቆው ውስጥ ታምቆ ሲያልብህ እየው። ከቤታችሁ አስም ያለበት ካለ ደግሞ በመጋቢት መጨረሻ፣ የዛፉ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ሲያለብሰው። ሥራውን እሺ ከማለትህ በፊት አሠሪህን አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቀው፦ የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ የሚጀምረው ከስንተኛው ቀን ነው? የቨርጂኒያው ከመቋረጡ በፊት ካልጀመረ፣ ባለቤትህ ሥራ እስክታገኝ ልጆቹን ይዛ እዚያው ብትቆይ ይሻላል። ለጉብኝት ስትመጡ ሆቴል አትያዙ፤ ቤታችን ሰፊ ነው፤ ባለቤትህንም ባገኛት ደስ ይለኛል።

የሄደችው፦
ሂዱና እዩት። ነርሷ ቤት ቡና ከተፈላ ግን ውሳኔውን ለባለቤትህ ተውላት።