ጉግልና ዩቲዩብ ይከፈታሉ፤ ሌሎች ድረ ገጾች ግን እምቢ ይላሉ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህርት ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ዝግጅትና ለልጆቼ ጥናት የምንጠቀምበት፣ ዊንዶውስ 7 ያለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ቤታችን ውስጥ አለ። በቅርቡ በጣም ስለዘገየብን ለጥገና ወስደነው ፎርማት ተደርጎ ተመለሰ። ባለሙያው ዊንዶውሱንም ክሮሙንም በእጁ ከነበረ የቆየ ዲስክ የጫነልን ሲሆን፣ የኢንተርኔት ጥቅላችን ቶሎ እንዳያልቅ በማሰብ አፕዴት የሚባለውን ሁሉ ዘግቶልናል። ከዚያ ወዲህ ጉግል፣ ዩቲዩብና ጂሜይል ያለ ችግር ሲከፈቱ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ፣ የመማሪያ ጽሑፎች የማወርድበት ገጽና ዘወትር የማነባቸው ሁለት የአማርኛ የዜና ገጾች ግን ቀይ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ እያሳዩ አልከፈት ብለዋል። በዚያው ዋይፋይ በስልኬ ስሞክራቸው ሁሉም ይከፈታሉ። ኮምፒውተሩን እንደገና ወደ ጥገና ሳልወስድ እዚሁ ላስተካክለው የምችልበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ከአዳማ

እኅቴ፣ አንዳንድ ገጽ ተከፍቶ ሌላው ሲቀር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ነው። በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው የዲኤንኤስ አድራሻውን 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርገው ይሞክሩት፤ ኮምፒውተሩንም አጥፍተው ያብሩት።

መልስ፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

የአዳማው ወንድማችን የጠቀሱት ችግር በእርግጥ የሚያጋጥም ነው፤ ነገር ግን ዲኤንኤስ ሲበላሽ ማሰሻው የድረ ገጹን አድራሻ ማግኘት እንዳልቻለ ይናገራል እንጂ ቀይ ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ቀዩ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ገጹን አግኝቶ፣ ገጹ ያቀረበውን ሰርተፊኬት (የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) አላምንም ሲል ነው። ስለዚህ የኔትወርኩን ማስተካከያ ከመነካካትዎ በፊት ሦስት ነገር እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቀንና ዓመት ስንት ነው? ይህን የምጠይቀው፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካከሉ ደንበኞች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። ኮምፒውተሩ 2018ን የሚረዳው እንደ ፈረንጆቹ 2018 ስለሆነ፣ ዘንድሮ የተሰጠ ሰርተፊኬት ሁሉ ለእርሱ ገና ጊዜው አልደረሰም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅም ቀኑ በራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ከማስጠንቀቂያው ሥር በትናንሽ ፊደላት የተጻፈው የስሕተት ኮድ «ዴት ኢንቫሊድ» (ቀኑ ልክ አይደለም) ይላል ወይስ «ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ» (ሰጪው አይታመንም)? ሦስተኛ፣ እምቢ ያሉት ገጾች በፋየርፎክስ ይከፈታሉ? ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የመጨረሻው ዕትም ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር ነው። ከሞዚላ ገጽ ሙሉውን የዊንዶውስ ፋይል በስልክዎ አውርደው በኬብል ወይም በፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ማዛወር ይችላሉ።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ። ቀኑም ዓመቱም ትክክል ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ኮዱ «ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ» ይላል። ፋየርፎክሱን እንዳሉኝ አዛውሬ ስጭነው፣ በክሮም እምቢ ያሉት አራቱም ገጾች ተከፈቱ። የክሮሙ ዕትም 87 ነው።

መልስ፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እንግዲህ ምክንያቱ ግልጽ ሆኗል። ማንኛውም ድረ ገጽ ሰርተፊኬቱን የሚያገኘው ከአንድ ሰጪ ተቋም ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያምናቸውን ተቋማት ዝርዝር በውስጡ ይይዛል። ማኅተሙን የማያውቀውን ደብዳቤ እንደማይቀበል መዝገብ ቤት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ተቋም የሰጠውን ሰርተፊኬት ይመልሰዋል።

በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ ተቋም የሚታወቅበት ዋና ሰርተፊኬት «ሥር» (ሩት) ይባላል። የጉግል ገጾች የሚታመኑት በቆየ ተቋም ሥር በኩል ስለሆነ አሮጌው ዝርዝርም ያውቃቸዋል። ትምህርት ቤቶች፣ ማኅበራትና አነስተኛ የዜና ገጾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰርተፊኬታቸውን በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ናቸው። ይህ አገልግሎት ሥራ ሲጀምር በአሮጌ ኮምፒውተሮች ዘንድ ይታመን የነበረው ዲኤስቲ ሩት ሲኤ ኤክስ 3 በተባለ የሌላ ድርጅት ሥር ተደግፎ ነበር። የዚያ ሥር ዘመን መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021) ስላበቃ፣ ዛሬ የሌትስ ኢንክሪፕትን ሰርተፊኬት ለማመን አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ 1 የሚባለው የራሱ ሥር በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት። ዊንዶውስ የጎደለውን ሥር በራሱ ከማይክሮሶፍት ያመጣ ነበር፤ አፕዴትን የሚዘጉ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ይህንንም አብረው ይዘጉታል፣ የእርስዎም ኮምፒውተር የገጠመው ይህ ይመስለኛል። ፋየርፎክስ የከፈተልዎ የዊንዶውስን ዝርዝር ትቶ የራሱን ስለሚጠቀም ነው። አዳዲሶቹ የክሮም ዕትሞችም የራሳቸውን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ 87 ግን አሁንም የዊንዶውስን ነው የሚያየው።

ፋየርፎክስ ብቻ የሚበቃዎ ከሆነ ሥራው አልቋል። ነገር ግን ሌሎች ፕሮግራሞችም የዊንዶውስን ዝርዝር ስለሚጠቀሙ የጎደለውን ቢጨምሩት ይሻላል። የትምህርት ቤቱን ገጽ በፋየርፎክስ ከፍተው ከአድራሻው አጠገብ ያለችውን የቁልፍ ምልክት በመጫን የሰርተፊኬቱን ዝርዝር መረጃ ይክፈቱ። ከላይ ጎን ለጎን ከተደረደሩት ስሞች የመጨረሻው «አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ 1» መሆኑን አይተው ስሙን ይጫኑና፣ በዚያው ገጽ ታች «ፔም» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ማውረጃ ይጫኑ። ከዚያ በክሮም ማስተካከያ ውስጥ፣ በደኅንነት ክፍል ሥር፣ «ማኔጅ ሰርተፊኬትስ» የሚለውን ከፍተው፣ «ትረስትድ ሩት» በሚለው ክፍል «ኢምፖርት» ብለው ያወረዱትን ፋይል ይምረጡ፤ ፋይሉ ካልታየዎ የፋይል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» ያድርጉት። ዊንዶውስ በመጨረሻ ረጅም የአሻራ ቁጥር አሳይቶ እርግጠኛ መሆንዎን ይጠይቃል። ይህን ቁጥር ፋየርፎክስ ለዚያው ሥር «ኤስኤችኤ 1» ብሎ ካሳየው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረው፣ ከተስማማ ብቻ ይፍቀዱ።

መልስ፦ ከሐዋሳ

ከላይ ያለው ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን መጨመር እፈልጋለሁ። «ችግሩን የሚፈታ ሰርተፊኬት» እየተባለ በቴሌግራም የሚላክ ፋይል ከማንም አትቀበሉ። የራሱን የሥር ሰርተፊኬት በኮምፒውተራችሁ እንዲገባ ያደረገ ሰው፣ ለማንኛውም ድረ ገጽ የሐሰት ሰርተፊኬት ሠርቶ በእናንተ ኮምፒውተር እንዲታመን ማድረግ ይችላል። የባንክ ገጽን አስመስሎ የይለፍ ቃል መውሰድ የሚቻለው በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው። እንዲሁም ቀዩን ማስጠንቀቂያ «ፕሮሲድ» ብሎ ማለፍን ልማድ አታድርጉት፤ በተለይ ልጆች ይህን ከለመዱ፣ ማስጠንቀቂያው እውነተኛ አደጋ በሚናገርበት ቀን ሳያነቡት ያልፉታል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ከልጄ ጋር ሆነን አመሳክረን አስገባነው፤ ክሮሙን ዘግቼ ስከፍተው አራቱም ገጾች ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፈቱ። የምጨምረው ጥያቄ ቢኖር፣ በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳቤን ብከፍት ያሰጋኛል ወይ የሚል ነው።

መልስ፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ባይከፍቱበት እመክራለሁ። ለዊንዶውስ 7 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክሮምም ለእርሱ አዲስ ዕትም ማውጣት ያቆመው በ2015 ዓ.ም. ከወጣው 109ኛው ዕትም በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ክፍት እንደሆኑ ናቸው፤ አሁን ያስገባነው ሥርም እነርሱን አይደፍንም። ለባንክ ስልክዎን ይጠቀሙ።

ኮምፒውተሩ ቢያንስ 2 ጊጋ ባይት ራም ካለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሌላ ሥርዓተ ክወና ሊጫንበት ይችላል፤ 4 ካለው ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ነጻ ነው፣ በአማርኛም ይጻፍበታል፣ የደኅንነት አፕዴቱም አልተቋረጠም። የሚወርደው ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ በቤት ጥቅልዎ ከማውረድ፣ ያልተገደበ ዋይፋይ ባለበት ቦታ በፍላሽ ቢያመጡት ይሻላል። ከመጫንዎ በፊት ከዚያው ፍላሽ አስነሥተው የልጆቹ ፕሮግራሞች፣ ፕሪንተሩና ዋይፋዩ መሥራታቸውን ይሞክሩ፤ የትምህርት ዝግጅት ፋይሎችዎንም አስቀድመው ወደ ሌላ ፍላሽ ይገልብጡ፣ መጫኑ ዲስኩን ሊያጠፋው ይችላልና።