ለስግድ የልጄ ክፍል ገብቼ ምን ላሠራቸው?

የረሆቮት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስግድ፣ ስለኛ ስለ ቤተ እስራኤል በዓል፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ኪታ ዳሌት ነው፣ አራተኛ ክፍል፣ ማምላኽቲ ዳቲ (የመንግሥት ሃይማኖታዊ) ትምህርት ቤት። ሞራዋ፣ አስተማሪዋ፣ ደውላ "ስግድ እየደረሰ ነው፣ መጥተሽ ከልጆቹ ጋር አንድ ነገር ብትሠሪ ደስ ይለኛል" አለችኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰጥታኛለች፣ 90 ደቂቃ መሆኑ ነው። 31 ልጆች ናቸው። ከእኛ ወገን ልጄና አንዲት ልጅ ብቻ ናቸው።

ደስ ብሎኛል፣ ግን ፈርቻለሁ። አምና እንጀራና ዳቦ ቀርቦላቸው ነበር። አንዳንዶቹ አፍንጫቸውን ያዙ፣ "ይሸታል" አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፣ ልጆች ናቸው። ልጄ ግን ያን ቀን ቤት መጥቶ ቃል ሳይተነፍስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ዘንድሮ እንደምሄድ ሲሰማ "እማ፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ምግብ ይዘሽ ብቻ እንዳትመጪ" አለኝ።

እውነቱን ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ሌላውን በዓል ሁሉ በእጃቸው እየሠሩ ነው የሚማሩት። ኪታ አሌፍ፣ አንደኛ ክፍል፣ እያሉ ሲዱር (የጸሎት መጽሐፍ) ሲቀበሉ ሽፋኑን እኛ ወላጆቹ ማታ ቁጭ ብለን ነው ያስጌጥነው። ለቱ ቢሽቫት፣ ለዛፎች በዓል፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ለሱኮት ዳሱን ራሳቸው ያስጌጣሉ፣ ለፔሳሕ (ለፋሲካ) የማታውን ማዕድ፣ ሴዴሩን፣ ክፍል ውስጥ ይለማመዳሉ። ስግድ ላይ ሲደርስ ግን ቁጭ ብሎ ማየት፣ ቀምሶ መሄድ ብቻ ይሆናል። ምን ላሠራቸው?

ሞራ ከናታንያ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ስሚው። እኔ ኪታ ጊሜል፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ነው የማስተምረው። ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛው ቆጠራው ነው። ስግድ በዕብራይስጡ ወር 29 ሔሽቫን ላይ ይውላል፣ ከዮም ኪፑር፣ ከማስተሥረያ ቀን፣ 50ኛው ቀን። በየሁለት ልጅ አንድ የዕብራይስጥ ካሌንደር ስጫቸውና ራሳቸው ይቁጠሩ። የኔዎቹ ቆጠሩ፣ አብዛኞቹ 49 አመጡ። "ሞራ፣ ተሳስተሻል" አሉኝ። እንደገና ቁጠሩ አልኳቸው፣ አሁንም 49። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት "ዮም ኪፑርን ራሱን አንድ ብለን ብንጀምርስ?" ያለችው። ከዚያ 50 መጣ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ! ቀጥሎ "ሌላ 50 ቀን የሚቆጠርለት በዓል ማን ያውቃል?" ስላቸው ወዲያው ሻቩዖት አሉ፣ ኦሪት የተሰጠበት። ስግድ ላይ ቄሶቻችን ከሚያነቡት ውስጥም የሲና ታሪክ አለበት። እኔ ምንም ሳልጨምር ራሳቸው አገናኙት።

ሁለተኛው የቃላት ካርድ ነው። በአንዱ ካርድ ላይ ዕብራይስጡን ጻፊ፣ በሌላው አማርኛውን በፊደል፣ ከሥሩ አነባበቡን በዕብራይስጥ ፊደል። ባይት እና ቤት። ሌቭ እና ልብ። ዳም እና ደም። ሮሽ እና ራስ። ሼም እና ስም። ሻማይም እና ሰማይ። ካርዶቹን ደባልቂና ጥንዱን ይፈልጉ። አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ይኼኮ የኔ ቋንቋ ነው" ይላል። "ስግድ" የሚለው ቃልም መስገድ ማለት እንደሆነ ያኔ ንገሪያቸው፣ አይረሱትም።

የቤርሼባ አባት፦
እኔ ባለፈው ዓመት ለልጄ ክፍል ያደረግነውን ልጻፍ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ትንሽ ከፍታ አለች፣ ተራራ አትባልም። ልጆቹ ከግቢው አንድ አንድ ድንጋይ አነሱ፣ ከእጃቸው የማይበልጥ። ጎንደር እያለን ሰው ለስግድ ወደ ተራራ ሲወጣ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር፣ በራሱም በጫንቃውም፣ በእግዚአብሔር ፊት ራስን ዝቅ ለማድረግ። አባቴ አምቦበር መንደር ያየውን እንደዚያ ነው የነገረኝ። ይህን ነገርኳቸውና "ወደ ላይ ስንወጣ ማንም አይናገርም" አልኩ። ሌላ ትእዛዝ አልነበረም።

ክፍሉን የሚረብሽ አንድ ልጅ አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ድንጋዩን በሁለት እጁ አናቱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንዳይወድቅበት በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ከላይ ስንደርስ ሁሉም ድንጋዩን አስቀመጠና ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ዞርን። አቅጣጫውን ራሳቸው በኮምፓስ ነው ያገኙት። ልጁ ወደኔ መጥቶ "ካቬድ" አለኝ። እኛም "ከባድ" ነው የምንለው አልኩት። ሞራ ከናታንያ፣ ይኼን ቃል ከካርዶችሽ ላይ ጨምሪው።

መገሸሬት ነበርኩ፦
እኔ ለብዙ ዓመት በትምህርት ቤትና በወላጅ መሃል ሆኜ ሠርቻለሁ። የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙ ክፍሎች ለስግድ "አያት ትምጣና ስለ ሱዳን ታውራ" ይላሉ። አያት ከመምጣቷ በፊት እሷን ጠይቋት፣ በደንብ፣ ቤቷ ቡና እየጠጣችሁ። የኛ ሰዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው በመንገድና በካምፕ ሞቷል። ያቺ አያት ልጇን እዚያ ቀብራ ሊሆን ይችላል። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ "በመንገድ ላይ ማን ሞተባችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ እኔ እዚያው ነበርኩ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ያዘጋጀነው እኛ ነን ያጠፋነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከልጆቹ ጋር አስቀድመሽ ጻፊ። ልጅ ስለ ልጅ ይጠይቅ። "እንደኔ እያሉ ምን ይጫወቱ ነበር? ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር? ስለ ኢየሩሳሌም ምን ይነግሯችሁ ነበር?" የኔ እናት ሽመላ ሲያልፍ ልጆች ሆነው እየሮጡ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት እንደነበር ስትናገር ልጆቹ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ሽመላ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲሄድና ሲመለስ በእስራኤል ሰማይ ላይ ነው የሚያልፈው። ካርታ ላይ መንገዱን በክር አስሏቸው፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሞላልሻል።

እህት ከሜሪላንድ፦
እኔ ቤተ እስራኤል አይደለሁም፣ ግን እዚህ አሜሪካ የአይሁድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ሽታው ነው። ምግቡን አትተዪው፣ አቀራረቡን ቀይሪው። ሦስት የመስታወት ማሰሮ ያዢ። አንዱ ዛሬ የተቦካ ጤፍ፣ አንዱ የትናንት፣ አንዱ የሦስት ቀን። ክዳኑን አታጥብቂው፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ልጆቹ አረፋውን ይቁጠሩ፣ ያሽትቱ፣ ይጻፉ። "ከምን ጋር ይመሳሰላል?" በያቸው። አንዱ እርጎ ይላል፣ አንዱ ኮምጣጤ። አፍንጫ መያዝ ቀርቶ ለማሽተት ይሰለፋሉ።

እኛ ጋ ለፔሳሕ ማጻ፣ ያልቦካውን ቂጣ፣ ስንሠራ ትልቅ ሰዓት እንሰቅላለን። ዱቄቱ ውሃ ከነካው ጀምሮ 18 ደቂቃ ሳይሞላ ተጋግሮ ማለቅ አለበት። ልጆቹ እየሮጡ ያቦካሉ፣ ይዳምጣሉ፣ ይወጋሉ። "ለምን እንዲህ እንቸኩላለን?" ሲሉ የቦካው ማሰሮ ቢኖር መልሱ እዚያው ነበር። የናንተ እናቶች በፋሲካ ያልቦካ ቂጣ ይጋግሩ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ ያንንም አገናኚው።

ሞራ ከናታንያ፦
በጣም ጥሩ ሐሳብ። የረሆቮት እናት፣ አንድ ነገር ብቻ። ቤት የተሠራ ምግብ ለክፍል ማቅረብ በብዙ ትምህርት ቤት ክልክል ነው፣ በካሽሩት፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ምክንያት። ማሰሮው ለማየትና ለማሽተት ይሁን፣ እንጀራው ሄክሸር (የካሽሩት ማረጋገጫ) ካለበት ቦታ ይገዛ። ሞራዋን አስቀድመሽ ጠይቂ።

የረሆቮት እናት፦
ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ነበር። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ።

ኮረብታ የለንም፣ ስለዚህ ድንጋዩን ይዘን በደረጃው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ በዝምታ። ማሰሮዎቹን ልጄ ራሱ ነው ያስረዳው። ሰኞ ማታ ከኔ ጋር ያቦካው እሱ ነው፣ እርሾ ምን እንደሚሠራ ከኔ በተሻለ ተናገረ። አምና አፍንጫዋን የያዘችው ልጅ የሦስት ቀኑን ማሰሮ ሁለት ጊዜ አሽትታ "እንደ አያቴ የኮመጠጠ ዱባ ነው" አለች። አያቷ ከሞሮኮ ናቸው።

ቆጠራው ላይ የኛዎቹም 49 አመጡ። 20 ደቂቃ ፈጀብን፣ ለእናቴ ጥያቄዎች ጊዜ አልተረፈም። ሞራዋ ለዚያ ብቻ ሌላ ቀን ሰጥታናለች፣ ከሐኑካ በፊት። እናቴን ቡና ላይ ጠይቄያታለሁ፣ ስለ ሱዳን አላወራም ብላለች። ስለ ወንዙና ስለ ጨዋታቸው ትናገራለች።

ካርዶቹን 24 ጥንድ አድርጌ አዘጋጅቻቸዋለሁ፣ "ከባድ"ም አለበት። የሚፈልግ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍልኝ፣ ፋይሉን እልካለሁ።