የጋራ ፕሮፖዛል ዝግጅት፦ የሞተር ሳይክል ክለባችን አመሠራረትና የኮረብታው መስመር አጠቃቀም

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በኮረብታው ላይ የሚያልፈውን መስመር በጽሑፍ ስምምነት እንድንጠቀምበት ለመሬቱ ባለይዞታዎች የምናቀርበው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ስለተጠናቀቀ አስተያየታችሁን እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመግቢያው ክፍል ስለ ክለቡ አመሠራረት የሚናገር ሲሆን፣ ከስፖርቱ ታሪክ ጋር አያይዤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ካርላይል ከተማ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የስድስት ቀን ውድድር የአሽከርካሪውንና የሞተር ሳይክሉን ጽናት የሚፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1924 በካምበርሌይ በተካሄደው ውድድር ግን ዳኞች የአነዳድ ብቃትን የሚመዝኑባቸው ክፍሎች ቀርተው አሸናፊው በፍጥነት ብቻ ተለየ፤ በኋላ ሞቶክሮስ የተባለው ስፖርትም መነሻው ከዚያ ነው። በእኔ እምነት ክለባችን የሚቀርበው ለፊተኛው፣ ለጽናቱ ወገን ነው፤ ይህም በፕሮፖዛሉ በግልጽ መነገር አለበት።

መሥራች አባል፦ ጸሐፊያችን ስለደከሙበት ረቂቅ አመሰግናለሁ። ታሪኩ ይቆይ፤ ሆኖም ከእኛ አመሠራረት በኋላ ይምጣ፤ ባለይዞታዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት በመሬታቸው ላይ የሚያልፉት ሰዎች ማን እንደሆኑ ነውና። ይህ ክለብ ለዋንጫ አልተመሠረተም። ከመኪና መንገድ ርቆ ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ወይም ወድቆ እግሩ የተሰበረበት ሰው ብቻውን ከሆነ የሚደርስለት ስለሌለ፣ ማንም ብቻውን ላይወጣ ቃል ተግባብተን ተሰባሰብን። አሠራራችን ሁሉ ከዚያ ቃል የመነጨ ነው። መሪው መገንጠያ ላይ ሲደርስ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቆሞ መንገዱን ያመለክታል፤ ደጀን የምንለው የመጨረሻው አሽከርካሪ እስኪደርስም ካለበት አይነቃነቅም። ከፊት ለፊት እግረኛ ወይም ፈረሰኛ ሲመጣ ፍጥነታችንን ቀንሰን፣ ከኋላችን ስንት ሰው እንደቀረ በግራ እጃችን ጣቶች እናሳያለን፤ ደጀኑ የተጨበጠ እጁን ሲያሳይ የሚያልፍ ሰው እንዳበቃ ይታወቃል። እነዚህን ልማዶች በፕሮፖዛሉ ብንጽፋቸው ስለ ማንነታችን ከማንኛውም የምስጋና ቃል የተሻለ ይናገራሉ።

የመስመር ጥገና ኃላፊ፦ በመሥራች አባላችን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ በረቂቁ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለው «በዝናብ ወቅት በተቻለ መጠን ጉዞ ይቀነሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዝናብ ማግሥት ዳገቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ጉዳቱ እንዴት እንደሚጀምር ያውቃል፦ የኋላ ጎማ መሬት መቆንጠጥ አቅቶት ባለበት ሲሽከረከር ጥርሶቹ የሣሩን ሥር ይበጥሳሉ፤ የጣት ጥልቀት ያላት ያች ጭረት ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ ትሆናለች፤ ቦዩ ሲጠልቅ ደግሞ አሽከርካሪዎች እርሱን ሸሽተው በጎኑ ስለሚያልፉ ጠባቡ መስመር እየሰፋ ይሄዳል። ውኃውን በሰያፍ በተሠራ የአፈር ጉብታ ወደ ጎን ማስወጣት ይቻላል፤ ሁልጊዜም የምንጠግነው እንደዚያ ነው። ይሁንና አፈሩ እርጥብ ሳለ ከተነዳበት ጉብታው ራሱ ይናዳል። ስለዚህ «በተቻለ መጠን» የሚለው ወጥቶ «በእግር ሲረገጥ ውኃ የሚያቁር መስመር ይዘጋል» ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡን አልቃወምም፤ ነገር ግን መስመሩ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ መዋጮ የሚያቋርጡ አባላት ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በእነዚያ ወራት ክለቡ ምን እንደሚሠራ አብሮ ቢገለጽ መልካም ነው።

የጀማሪዎች አሠልጣኝ፦ ገንዘብ ያዣችን ላነሱት ጥያቄ መልሱ ሥልጠና ነው። ጠጠር በለበሰ ጠባብ ሜዳ ላይ የትራያልን፣ ማለትም እግር መሬት ሳያስነኩ አስቸጋሪ ክፍሎችን በሞተር ሳይክል የማለፍ ውድድርን ሕግ ተከትለን እናሠለጥናለን፤ እግር አንዴ መሬት ሲነካ 1፣ ሁለቴ ሲነካ 2፣ ከዚያ በላይ ሲሆን 3፣ ክፍሉን ማጠናቀቅ ላልቻለ ደግሞ 5 የቅጣት ነጥብ ይያዛል፤ አነስተኛ ነጥብ ያለውም ያሸንፋል። በዝግታ ሚዛኑን መጠበቅ የተማረ ሰው ዳገት ላይ ጎማውን አያስጮህም፤ ስለዚህ የመስመር ጥገና ኃላፊው የሚደክሙለትን አፈር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ይህ ትምህርት ነው።

የቴክኒክ ምርመራ ኃላፊ፦ ስለ ድምፅ የተጻፈው አጭር ስለሆነ መስፋት ይገባዋል፤ ጎረቤቶች በመጀመሪያ የሚያነሱት ቅሬታ እርሱ ነውና። እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ሞተር ሳይክሎች አንድ ላይ ሲነሡ ድምፁ ከአንዱ ብቻ ይልቅ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ 10 ሲሆኑ ደግሞ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል። በመሆኑም ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚቀንሰውን ክፍል) መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ቡድኑን ከፋፍሎ በየተራ ማስነሣትም ያስፈልጋል። በማርሚታው ውስጥ ያለው፣ ድምፅን የሚውጠው ቃጫ መሰል ሙሌት በሙቀት እየተቃጠለ ስለሚያልቅ፣ ሙሌቱን ያልቀየረ አባል ለጉዞ እንዳይሰለፍ የሚል አንቀጽ ይጨመር።

ጸሐፊ፦ አስተያየቶቻችሁን ተቀብዬ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ። ፕሮፖዛሉ በክለቡ አመሠራረትና በጉዞ ልማዶቻችን ይጀምራል፤ የስፖርቱ ታሪክ ከሥልጠናው ክፍል ጋር ይገባል፤ የድምፅ ምርመራውና በየተራ መነሣቱ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኗል። ስለ መስመሩ መዘጋት የሚናገረው አንቀጽ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «በእግር ሲረገጥ ውኃ የሚያቁር መስመር ይዘጋል፤ መዘጋቱን የክለቡ የመስመር ጥገና ኃላፊ ወይም ከባለይዞታዎቹ አንዱ ሊወስን ይችላል፤ ውሳኔው በማናቸውም ወገን ሲሰጥ ወዲያውኑ ይጸናል።» ለባለይዞታዎቹ የመዝጋት ሥልጣን መስጠት ከበድ ያለ ውሳኔ በመሆኑ ከሁላችሁም ግልጽ ስምምነት እፈልጋለሁ።

መሥራች አባል፦ መሬቱ የእነርሱ ስለሆነ ሥልጣኑም ይገባቸዋል፤ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ፦ መስመሩ በተዘጋበት ቀን ለጥገና የሚመጡ አባላት አካፋና ዶማ ይዘው በእግራቸው እንዲገቡ ፈቃድ ይጠየቅልን።