ቪትዝ፦ የኤሲ ክላች ጠዋት ይይዛል፣ ቀትር ላይ እምቢ ይላል (ድሬዳዋ)

ሳቢያን23፦
ሰላም አቦ። መኪናው የ2003 ቪትዝ ነው። ጠዋት ኤሲው አንጀት ያርሳል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ግን 20 ደቂቃ እንደተነዳ የሚነፍሰው ሙቀት ብቻ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ፑሌጃው ይዞራል፣ ፊት ለፊቱ ያለው የክላች ሳህን ግን ቆሟል። የኤሲው መብራት እንደበራ ነው። ግማሽ ሰዓት ካረፈ እንደገና ይይዛል። ሪሌ (ለክላቹ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ማብሪያ) ተቀይሯል፣ ጋዝ ተሞልቷል። ደንገጎን አልፌ ሐረር ስደርስ ችግሩ የለም። ኮምፕረሰር ቀይር ተብያለሁ፤ ልቀይር?

የኮይል ሰው፦
ኧረ ቆይ! ክላቹ ኮምፕረሰሩን ከፑሌጃው ጋር በማግኔት የሚያያይዘው ክፍል ነው። የማይይዘው ወይ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ቀርቶ ነው፣ ወይ ደርሶት መሳብ አቅቶት ነው። ይህን ሳትለይ የምትቀይረው ዕቃ ሁሉ ቁማር ነው። ሪሌውም እንደዚያው የተቀየረ ይመስላል።

ልክ ባቆመበት ሰዓት፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባውን ሽቦ ለካ። ሶኬቱን አትንቀለው፤ ከኋላው ቀጭን ሽቦ አስገብተህ በቴስተር እየው። ጠዋት ብትለካ ምንም አታገኝም። እጅጌህን ከቺንጋው አርቅ።

12.5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካለ ጥፋቱ ክላቹ ላይ ነው። ከ11 በታች ከሆነ የሪሌ እግር፣ የዛገ ሶኬት ወይም የላላ ኔጌቲቭ ፈልግ። ዜሮ ከሆነ ሆን ብሎ የሚያቋርጠው ነገር አለ።

ጀጎል በር፦
ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግፊቱን ነው። ቶዮታ ላይ የግፊት ስዊቹ ከላይ በ455 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ ከታች ደግሞ በ28 አካባቢ ይቆርጣል። በድሬ ሙቀት ኮንዴንሰሩ (ፊት ለፊት ያለው የጋዙ ማቀዝቀዣ) በአቧራ ከተደፈነ ወይም ፋኑ ከደከመ ግፊቱ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ጋዝ በግምት ከተሞላማ ይብሳል። ልኩ በግራም ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፣ በሚዛን ነው የሚሞላው። መኪናው ቆሞ በ35 ዲግሪ ጌጁ 115 አካባቢ ቢያሳይ “ጋዙ ሙሉ ነው” የሚልህን አትመን። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ያው ቁጥር ነው የሚመጣው።

ቀላል መፈተኛ፦ ሊቆርጥ ሲል ኮንዴንሰሩ ላይ ውሃ በጎማ ልቀቅበት። ሳይቆርጥ ከቀጠለ ችግሩ የማቀዝቀዝ ነው። ፋኑ ላይ አታፍስ።

ሳቢያን23፦
ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ባቆመበት ለካሁት፤ 13.1 ቮልት አለ። ውሃውም ለውጥ አላመጣም። ሞተሩን አጥፍቼ በሳህኑና በፑሌጃው መሃል ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ሳስገባ 0.9 ሚሊሜትር ገባ።

የኮይል ሰው፦
በቃ፣ ተገኘ። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.6 ቢሆን ነው ጥሩ። ሳህኑ በያዘ በለቀቀ ቁጥር ይበላል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። በዚያ ላይ ኮይሉ (የክላቹ ማግኔት የሆነው የሽቦ ጥቅል) ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 3.6 ኦም የነበረው በ100 ዲግሪ 4.7 ይደርሳል፤ በ13.5 ቮልት 3.75 አምፒር ይስብ የነበረው 2.9 አካባቢ ይወርዳል። በደከመ ማግኔት ያን ሁሉ ርቀት መሳብ አይቻልም። ሐረር ላይ የሚተርፈው አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

ጋዝ ማውጣት አያስፈልግም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ሳህኑ እንዳይዞር ያዝና የመሃሉን ቡሎን ፍታ፤ ብዙ ጊዜ 10 ቁልፍ ነው። ሳህኑን ወደ ፊት ሳበው። ዘንጉ ላይ ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ሺሞች፣ ታገኛለህ። የ0.4 ያህል ውፍረት ያለውን አውጣ፤ ልኩ ከሌለ የ0.5ቱን አውጥተህ 0.4 ላይ ተወው። መልሰህ ካሰርክ በኋላ ሳህኑን እያዞርክ ሦስት ቦታ ለካ። አንዱ ጋ 0.3 ሌላው ጋ 0.7 ካለ ሳህኑ ተጣሟል፣ ሺም አያድነውም።

ጀጎል በር፦
ሳህኑ ሲወጣ ፑሌጃውን በእጅህ አዙረው። የሚያንኮራኩር ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ሙቀቱን ወደ ኮይሉ የሚሰደው እሱ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን ከ0.3 በታችም አታድርሰው፤ ኤሲው ጠፍቶም እየተፋተገ ያቃጥለዋል። የወጣውን ሺም አትጣል፣ አዲስ ሳህን ሲገባ ትፈልገዋለህ።