ሮቦቴ አንድ በር ላይ ይመላለሳል፣ ለነገ ጠዋት ነው ድረሱልኝ!

ጨነቃት፦ ሰላም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ነገ አቀርባለሁ፣ ሮቦቴ ግን አብዷል። ሲሙሌሽን ነው። መንገዱን በኤ ስታር (ካርታ ላይ አጭሩን መንገድ በሚፈልገው አልጎሪዝም) ያወጣል። አጭሩ መንገድ ላይ ያለውን በር ዝግ ሆኖ ሲያገኘው በረጅሙ ይዞራል፣ ትንሽ እንደሄደ ተመልሶ ያንኑ በር ያያል፣ እንደገና ይዞራል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። ኤ ስታር አይሠራም እንዴ?

ኮዱ ይናገር፦ ኮዱን አሳዪና።

ልምድ አለኝ፦ የካርታውን ካሬዎች አሳንሺያቸው። የእኔ እንደዛ ነው የተስተካከለው።

የድሮ ሰው፦ ታሪኩን ማወቅ ጥሩ ነው። ኤ ስታር በ1968 የወጣው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው፤ ሼኪ የሚባለው ሮቦት ከ1966 እስከ 1972 የተሠራበት ቦታ። በ1971 የመጣው ስትሪፕስ የሚባል የሮቦት ማቀጃ ፕሮግራምም ዓለሙ እንደታወቀ ቆጥሮ ነው የሚያቅደው። ዓለሙን በከፊል ብቻ የሚያይ ሮቦት ግን የሚያቅደው በእምነቱ፣ ማለትም ዓለሙ እንዲህ ነው ብሎ በሚገምተው ላይ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የማርኮቭን ውሳኔ ሂደት፣ ማለትም ውጤቱ እርግጠኛ ባልሆነበት የመወሰኛውን ስሌት፣ ከመሠረቱ...

ጨነቃት፦ ነገ ጠዋት ነው እኮ ያልኩት!

ሳቂታው፦ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል፣ ያንቺው ግን የማያውቀውን በር ሁሉ መልአክ ያደርገዋል። ከምር ግን፣ እንደገና ሲያቅድ ካርታውን ከፋይል ነው የሚያነበው? ከሆነ ዝግ ሆኖ ያየውን በር በየጊዜው አንቺው ትከፍቺለታለሽ።

ጨነቃት፦ አዎ ከፋይል ነው። ፋይሉ ላይ በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ሴንሰሩ የሚያየው ሦስት ካሬ ብቻ ነው። ይሄን መጻፍ ነበረብኝ?

ኮዱ ይናገር፦ ነበረብሽ!!

አልስማማም፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ኤ ስታር የሰጠሽውን ካርታ ነው የሚያምነው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ካርታሽ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» ብቻ ነው ያለው፣ «አላውቅም» የለም። በበሩ ካለፈ መንገዱ 20 እርምጃ ነው እንበል፣ በሩ መሃል ላይ። ዙሪያው 40 ነው። በሩ ዝግ ከሆነ 10 ሄዶ፣ 10 ተመልሶ፣ 40 ሲጨምር 60 ይሆንበታል። ስለዚህ ክፍት የመሆን ዕድሉ ከግማሽ ሲበልጥ ብቻ ነው ሄዶ መሞከሩ የሚያዋጣው። ደግሞ ያየውን ለዘላለም «ዝግ» ብለሽ እንዳትይዥ፣ በር ይከፈታል።

ልምድ አለኝ፦ ካሬዎቹን አሳነስሻቸው?

ሳቂታው፦ ሴንሰሩም ይሳሳታል። ከ10 አንዴ የሚሳሳት ከሆነና ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ከነበረ፣ አንዴ «ዝግ» ሲል ክፍት የመሆን ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ሲል ወደ 1 በመቶ ገደማ። እዚያው ቆሞ ደጋግሞ ማየት ግን አይጠቅምም፣ ያሳሳተው ነገር ካልተነሳ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። ለነገ ይሄን ሁሉ ተዪው፤ ፋይሉን መነሻ ላይ አንዴ ብቻ አንብቢ፣ ከዚያ ያየውን እላዩ ላይ ይጻፍበት።

ጨነቃት፦ ሠራ!! በረጅሙ እየሄደ ነው። ተባረክ ወንድሜ

ጨነቃት፦ ቆይ። እዚያም ሌላ በር አለ፣ እሱም ዝግ ነው። አሁን ጭራሽ ቆመ፣ «መንገድ የለም» ይላል። መጀመሪያ ያየው በር እኮ አሁን ተከፍቷል!

አልስማማም፦ ምን ብዬ ነበር? መንገድ ሲያጣ ካየው የቆየውን በር ወደ «አላውቅም» መልሺውና ሄዶ ይየው።

ኮዱ ይናገር፦ እሺ፣ አሁንስ ኮዱን ታሳዪናለሽ?

ሳቂታው፦ እንዴት ሆነ? አቀረብሽ?